ከአተላ የሚገኝ የዓሣ መኖ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የመኖ ዋጋ የዓሣ አርቢውን ወገብ አጎበጠው። ከጓሮ የሚደፋውን ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ቀይ የመሬት ትል ሲደርቅ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው። ቲላፒያ የሚባለው ዓሣም ትል ሲያይ አይግደረደርም። ለትሉ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የአትክልት ልጣጭና የጠላ አተላ ይበቃዋል።

ችግሩ የአተላው ኮምጣጣነት ላይ ነው። አተላው እንዳለ ከተደፋበት ትሉ የሚረባበትን ሳጥን ጥሎ ይወጣል። ከደረቀ ሣር ጋር ቀላቅሎ፣ የሚኮመጥጠው ሽታ እስኪለቅ አናፍሶ፣ በአንድ ጥግ ብቻ በስሱ መስጠት ነው። ወጥ የነካው ነገር አይግባበት፤ ጨውና ዘይት ይፈጀዋል። (ሽሮም ቢሆን!) ትል ብቻውን ሙሉ መኖ ስለማይሆን ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር ይደባለቅ።

የግብርና ባለሙያዎች ትል ለማዳበሪያ ማርባትን ለገበሬው ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ዓሣው ጋ ለማድረስ ምን ያዛቸው?

ዓሣ አርቢ፣ ከባሕር ዳር