የካራው ማተሚያ ጣሪያ፦ ክረምቱ ሳይወጣ ድረሱልን

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች፣ የማኅበራችን ወዳጆች፤

ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ለቴአትርና ለፊልም የድሮ ጋዜጣና ትኬት አስመስለን የምናትምበትን የወርክሾፑን ጣሪያ እኩሌታ ከነማገሩ እንዳወረደው ታውቃላችሁ። ለቆርቆሮ፣ ለአጣናና ለእጅ ዋጋ 186,000 ብር ያስፈልጋል። የገባው 71,400 ብር ነው። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ አንድ ብር አልተጨመረም። ደጋግሞ መለመን ቢያሳፍርም መጥተናል።

ማሽኑን ለምን ወደ ሌላ ቤት አታዛውሩትም የሚሉን አሉ። ሃይደልበርግ የተባለው የማተሚያ ማሽናችን ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ በሰው ትከሻ አይወጣም። ዘይት ቀብተን ሸራ አልብሰነዋል። ላስቲክ ያላለበስነው እርጥበቱን አፍኖ ዝገት ስለሚያመጣ ነው። ከማሽኑ ይልቅ የሚያስጨንቀን የእርሳስ ፊደሉ፣ ማለት ከእርሳስ ብረት ተቀርጾ አንድ በአንድ እየተለቀመ የሚታተመው ፊደል ነው። እርጥብ የእንጨት መሳቢያ ውስጥ ሲከርም ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ይበላውና ነጭ ዱቄት ያወጣል። ዱቄቱ መርዝ ስለሆነ በደረቅ ብሩሽ አይጠረግም፤ ጓንት አጥልቆ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት ነው። ፊቱ የተቦረቦረ ፊደል ግን መመለሻ የለውም። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሰባት 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። አንዲት «ኰ» ብትጎድል ገጹ ይቆማል።

«በኮምፒውተር አትሞ፣ አሮጌ እንዲመስል ሻይ ማፍሰስ አይበቃም ወይ?» ለሚለው መልሳችን አይበቃም ነው። በኮምፒውተር ሃያው «መ» ሃያ ጊዜ ያው ነው። በእርሳስ ግን አንዱ ተሸርፏል፣ አንዱ ቀለም ጠጥቷል፣ አንዱ ከሌላ መጠን ተበድሯል። ፊደሉን ወረቀቱ ውስጥ አስምጦ ማተምም የዛሬ ፋሽን ነው። የድሮ አታሚ ፊደሉ እንዳይደቆስና የጀርባው ጽሑፍ እንዳይበላሽ ለስለስ አድርጎ ነበር የሚያትመው፤ ስለዚህ ከወረቀቱ ሥር የምናደርገው ንጣፍ ጠንካራና ስስ ነው። የ1920ዎቹን ጋዜጣ ለመሥራት በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ፣ በቁጥሩ ቦታ የግእዝ ቁጥር ይገባል። ወረቀቱ የጋዜጣ ወረቀት ይሁን፤ የፎቶኮፒ ወረቀት ነጭ የሚያደርገው ኬሚካል ስላለበት በካሜራ መብራት ሰማያዊ ይመታል። ጥቁሩ ቀለም ላይ ጥቂት ቡኒ ይጨመራል። ሻይ የሚነካው ቀለሙ ሳምንት ከደረቀ በኋላ ነው፤ ቀጠን ያለ ሻይ። ብዙ ሰው መሐሉን ያጠቁራል፤ እውነተኛ አሮጌ ወረቀት ግን ብርሃንና አየር ቀድሞ ከሚያገኘው ከጠርዙ ነው የሚጠቁረው።

በዚህ መንገድ ለመድረክና ለካሜራ ጋዜጣ፣ የባቡር ትኬት፣ የሠርግ ጥሪ ሠርተናል። ገንዘብ፣ የመንግሥት ማኅተምና የቦታ ካርታ አንሠራም፤ የጠየቁንም ነበሩ። ከእጃችን የሚወጣ ሁሉ ጀርባው ላይ «ለትወና» የሚል አለበት።

አምና ፊደሉን ቀለም ለሚቀባው ሮለር እድሳት ስለወጣው 92,000 ብር ብዙ ተብሏል። ጣሪያው እንደሚያፈስ እናውቅ ነበር። ነገር ግን የደረቀ ሮለር ቀለም አይዝም፤ ያበጠው ደግሞ የ«ወ»ንና የ«ዐ»ን ሆድ ይደፍናል። ማሽኑ ካላተመ ለጣሪያውም የሚሆን ገቢ የለም። ደረሰኙ በፋይል ተቀምጧል፤ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል።

የቀረው 114,600 ብር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና መቶ ብርም አትናቁ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር ወይም የአንድ ቀን ጉልበት የምትሰጡም እግዚአብሔር ይስጥልን። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ሥራ ላይ እጃችሁ እንደማይታጠፍ እናውቃለን፤ ለዚህም ዘርጉልን።

ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ ስም በተከፈተው፣ ሦስት ፈራሚ ባለው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከማኅበሩ ማኅተም ጋር በወርክሾፑ በርና በእድሩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ደግመን እናሳስባለን፦ በማንም ግለሰብ ስልክ በቴሌብር አትላኩ፣ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም። ስታስገቡ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ደረሰኝ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ወርክሾፑ ላይ ይሰጣል። ሂሳቡ በማኅበሩ ስም ያለው ብቻ ነው።

ኮሚቴው