ሲሪንጁ አልተበላሸም፤ ተቆልፎ ነው

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤
በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በከሚሴ፣ በባቲ፣ በመርሳና በወልዲያ ለምትገኙ ክሊኒኮች፣ መድኃኒት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች

እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ አካባቢ አንዲት ሲስተር ሱቃችን መጡ። የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ያልተወጋባቸው፣ ግን አልሳብ ያሉ ባለ 5 ሚሊ ሲሪንጆች ናቸው። «ይኸው ዕቃችሁ፤ ሳይሠራ የሚደርቅ» አሉን።

ተቀምጠው ሻይ እንዲጠጡ ለመንናቸው። ከዚያ አዲስ ሲሪንጅ ሰጥተን ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት እንዲያሳዩን ጠየቅን። ከመጠቅለያው አወጡት። ጎማው እንዲላላ መግፊያውን ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደ ፊት ደግሞ እስከ ጫፉ ግፍት አደረጉት። ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ቢጎትቱት ወይ ፍንክች።

ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። እጃቸው ለዓመታት የለመደው ነው። ጥፋቱ የኛ ነው። ዕቃውን ቀይረን ስንልክ አንድ ገጽ ማብራሪያ እንኳ ከካርቶኑ ጋር አላስቀመጥንም። ስለዚህ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ያኔ መጻፍ የነበረብንን አሁን እንጽፋለን።

ለታካሚ መርፌ የምናቀርባቸው ባለ 3 እና ባለ 5 ሚሊ ሲሪንጆች አሁን ሁሉም ሴፍቲ ሲሪንጅ ናቸው። መግፊያው የመጨረሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆለፋል። በጉልበት ከተሳበ ይሰበራል። ሆን ተብሎ እንደዚያ የተሠራ ነው፤ አንድ ሰው የተወጋበት ሲሪንጅ ሁለተኛ ሰው ላይ እንዳይደርስ።

ትልልቆቹ ደንበኞቻችን የመስተዋቱን ሲሪንጅ ያስታውሱታል። ድሬሰሩ በብረት ሣጥን ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ደግሞ ይወጋበት ነበር። እሱ ሲሠራም እንዲቀቀል ተብሎ ነው። የፕላስቲኩ ግን ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ተብሎ መጣ። ክፋቱ ታጥቦ ሲደርቅ አዲስ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2000 ብቻ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ ምክንያት 21 ሚሊዮን ሰው ጉበትን በሚያጠቃው በሄፓታይተስ ቢ ተይዟል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ክፋት የታሰበበት አይመስለንም። ዕቃ አልቆ፣ ታካሚ ተሰልፎ፣ «ይቺን አንዴ ብቻ» ተብሎ ነው። የሚቆለፍ ሲሪንጅ ያቺን «አንዴ ብቻ» ያስቀራታል።

ክትባት የምትሰጡ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ እስከ 2003 መጨረሻ ክትባት ሁሉ ራሱን በሚቆልፍ ሲሪንጅ እንዲሰጥ ጠይቀው ነበር። ነገር ግን በዓለም ላይ ከሚወጋው መርፌ ከአሥር ዘጠኝ እጁ ያህል የሕክምና እንጂ የክትባት አይደለም። ለሕክምናው መርፌ ተመሳሳይ ጥሪ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በኛ አስተያየት በጣም ዘግይቷል።

አጠቃቀሙ ላይ እንምጣ። ከመጠቅለያው ስታወጡት መግፊያውን አትነካኩት። ጎማው መላላት አያስፈልገውም። መርፌውን አምፑሉ ውስጥ አስገቡና በቀጥታ ሳቡ። አየር ካለው ቀና አድርጋችሁ በጣት ነካ ነካ፣ ከዚያ እስከሚፈለገው መጠን ቀስ ብሎ መግፋት ይቻላል፤ ጫፍ እስካልደረሰ ድረስ አይቆለፍም። እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ ዱቄት መድኃኒት ለመበጥበጥ ግን አይሆንም፤ ውኃውን እስከ መጨረሻው ስትገፉ ይቆለፍባችኋል። ለዚያ ብለን ባለ 10 ሚሊውን ተራ ሲሪንጅ ሳንቀይር ማቅረብ ቀጥለናል። በሱ በጥብጡ፣ በሴፍቲው ቀድታችሁ ውጉ። የመበጥበጫውንም ለአንድ ታካሚ ብቻ ተጠቅማችሁ ጣሉት።

ሁለተኛው ጥበቃ የመርፌው ጫፍ ላይ ነው። ባለ 3 ሚሊው ላይ መርፌው ከሲሪንጁ ጋር የተያያዘ ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ መግፊያውን በርታ አድርጋችሁ ስትገፉት መርፌው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ግማሽ መንገድ ላይ ከተዋችሁት አይሰበሰብም። መርፌው ስለማይቀየር ስታዙን ቁጥሩን ንገሩን። 21 አረንጓዴ፣ 23 ሰማያዊ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ባለ 5 ሚሊው መርፌ ደግሞ ጎኑ ላይ የሚታጠፍ መከለያ አለው። ወግታችሁ እንዳወጣችሁ በያዛችሁበት እጅ አውራ ጣት ወደ ፊት ግፉት። ቀጭ ሲል ተዘግቷል። ሌላኛው እጃችሁ አይጠጋ። የድሮውን ክዳን በሁለት እጅ መልሶ መግጠም ስንቱን ባለሙያ አስወግቶታል።

ይህን ጉዳይ ለምን እንደምናከር እንንገራችሁ። የዚህ ድርጅት ባለቤት እህት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ትሠራ ነበር። አንድ ማታ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ ስትወጣ እግሯን አንድ ነገር ወጋት። ፌስታሉን የበሳ መርፌ ነው። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሲያገኟት፣ «አብሽሪ» ከማለት ሌላ ምን እንደሚደረግ የነገራት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለወራት እየተመላለሰች ተመርምራለች። ነፃ ሆነች፣ አልሐምዱሊላህ። የነዚያን ወራት እንቅልፍ ግን ማንም አልመለሰላትም። እሷ መርፌ ወግታ አታውቅም። ሲሪንጅ በእጇ ይዛ አታውቅም።

በተበከለ መርፌ አንዴ መወጋት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ቁጥሩ ይታወቃል። ደሙ ሄፓታይተስ ቢ ካለበት፣ ካልተከተቡ 100 ሰዎች እስከ 30ው ሊያዙ ይችላሉ። በሄፓታይተስ ሲ ከ100 ወደ 2 የሚጠጉ፣ በኤች አይ ቪ ከ1,000 3 ያህል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ስለዚህ የትናንቱ መርፌ ዛሬም ያስፈራል። ለዚህ ክትባት አለው፤ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ የሚሰጥ። እባካችሁ ስታስከትቡ የጽዳት ሠራተኞቻችሁን አትዝለሏቸው።

ሰው ከተወጋ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ማጠብ ነው። መጭመቅ፣ መምጠጥ፣ በረኪና ማፍሰስ አይገባም። ወዲያው ለኃላፊ ይነገር። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት። ሰዓቱ ባጠረ ቁጥር ይሻላል፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ይህን የሕክምና ባለሙያ ደንበኞቻችን ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ። የጻፍነው ደብዳቤው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የጽዳት ሠራተኛዋም እንድታነበው ነው።

ሴፍቲ ሲሪንጅ ሴፍቲ ቦክስን፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ መጣያውን ሣጥን፣ አያስቀርም። የተሰበሰበም የተከለለም መርፌ ወደ ሣጥኑ ይግባ። ሣጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ። ባለ 5 ሊትሩ ወደ 100 ሲሪንጅ ይይዛል። ከዚያ በላይ በእጅ መጠቅጠቅ ራሱ መወጋት ነው።

ስለ ዋጋው አንሸሽም። ከተራው ይበልጣል። ትንንሽ ክሊኒኮች ላይ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ እኛም ትንሽ ነን። ስለዚህ በካርቶን ብቻ መሸጥ ትተናል፤ 100 ፍሬ የያዘውን ሣጥን ነጥላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ብዙ ታካሚ «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» ይላል። ክኒን በሚያድነው ሕመም እምቢ ብላችሁ ክኒን ብትሰጡት ሽያጫችን ቢቀንስም ደስ ይለናል።

የክረምት ነገር አለ። የደሴ ጉምና እርጥበት የመጠቅለያውን ወረቀት ያበላሸዋል። ወረቀቱ ከረጠበ ወይ ከተቀደደ ውስጡ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ አትጠቀሙበት። ካርቶኑን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፤ እንጨት ነገር ከሥሩ አድርጉ። ባቲና ከሚሴ ያላችሁ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር፣ ሙቀቱ ከሚበረታበት አርቁት።

ሳትጠቀሙበት የተቆለፈባችሁ ካለ መልሱልን፤ በነፃ እንቀይራለን። የተወጋበትን ግን እንዳታመጡ፣ አደራ። ኮምቦልቻና ሐይቅ ላላችሁ ዕቃ ስናደርስ ሠራተኛችን ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በውኃ ያሳያችኋል። ለራቃችሁት፣ ከካርቶኑ ጋር መለማመጃ የሚሆኑ 5 ፍሬ ሲሪንጆች ያለ ክፍያ እንልካለን። የሐይቋ ሲስተር የኛን ድርሻ ወስደው ባልደረቦቻቸውን ራሳቸው አሠልጥነዋል። እናመሰግናቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የሕክምና ዕቃዎች አቅራቢያችሁ፣ ደሴ