በረሃውን ቀድማ ያሸነፈችው ቮልስ ናት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የስፖርት ገጽ ላይ ስለ በረሃ መኪና ውድድር የወጣውን ጽሑፍ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለን የጋራዥ ሠራተኞችና ሹፌሮች ተቀባብለን አነበብነው። ርዕሱ መነሳቱ ደስ ይላል። ሦስት ቦታ ላይ ግን ስቷል። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ስሕተት ስለሆነ በእርማት ያልፋል፤ ሁለተኛው ስለ ጎማ ነፋስ የሰጠው ምክር ነው፤ ሦስተኛው፣ በጅቡቲ አስፋልት ላይ ውድድር ይዘጋጅ የሚለው ሐሳብ፣ ሰው ሊገድል ይችላል።

ቀላሉን እናስቀድም። ጽሑፉ የፓሪስ–ዳካር ውድድር በ1971 ተጀመረ ይላል። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብሎ ደግሞ አሜሪካዊው ፓርኔሊ ጆንስ በ1971 የሜክሲኮን በረሃ በፎርድ ብሮንኮ አሸነፈ ይልና ስፖርቱ የተወለደው በዚያ ዓመት ነው ብሎ ይደመድማል። የዳካሩ 1971 የኛው ነው። ከፓሪስ ትሮካዴሮ አደባባይ የተነሱት ታኅሣሥ 17 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 26 ቀን 1978 ነበር። የጆንስ 1971 ደግሞ የፈረንጅ ነው፤ በኛ 1964 ዓ.ም. ይሆናል። በመሃላቸው ሰባት ዓመት አለ፤ ሁለቱ አንድ ልደት ሊኖራቸው አይችልም። ግራ እንዳያጋባ ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልንበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ስፖርቱ በሁለቱም ዓመት አልተወለደም። በረሃ አቋርጦ በመኪና የመሽቀዳደም ነገር የመጣው እንደናንተው ካለ ጋዜጣ ነው። በ1907 መጀመሪያ ለ ማታን የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ከፔኪንግ (ከዛሬዋ ቤጂንግ) ተነስቶ ፓሪስ በመኪና የሚገባ ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ጁን 10 ቀን አምስት ተሽከርካሪዎች ተነሱ። ቤንዚኑ ቀድሞ በግመል ተጭኖ ጎቢ በረሃ ውስጥ ይጠብቃቸው ነበር። ኮንታል የተባለችው ባለ ሦስት እግር ጎቢ ላይ ቀረች። ባጃጅ አሸዋ ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው አይገርመውም፤ ባለ አራት እግር የኋላ ጎማው የፊቱ የረገጠውን ፋና ይከተላል፣ ባለ ሦስት እግር ግን ሦስት አዲስ ፋና መቅደድ አለበት። የጣሊያኑ ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ በኢታላ መኪና በሁለት ወር ፓሪስ ገባ። በነዚያው ዓመታት ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል አምጥቷል፤ ውድድር ስላልነበረ እዚህ አንቆጥረውም እንጂ መንገዱ ከጎቢ አይተናነስም።

ዛሬ የበረሃ ውድድር የምንለው መልክ የያዘው ግን ባሃ ካሊፎርኒያ ላይ ነው። ባሃ ከአሜሪካ ድንበር ወደ ደቡብ የተንጠለጠለች ረጅም የሜክሲኮ ባሕረ ገብ መሬት ናት። በ1962 የሆንዳ የአሜሪካ ቅርንጫፍ የአዲሷን ባለ 250 ሲሲ ሲኤል72 ሞተር ሳይክል ጥንካሬ ለገዢ ማሳየት ፈለገ። ዴቭ ኢኪንስና ቢል ሮበርትሰን ከሰሜኑ ጫፍ ከቲሁዋና እስከ ደቡቧ ከተማ ላ ፓስ 1,530 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዱ። ኢኪንስ 40 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ገባ። ዳኛ የለም፤ ስለዚህ ሲነሱም ሲደርሱም ቴሌግራፍ ቢሮ ገብተው ሰዓቱን በወረቀት ላይ በማኅተም አስመቱ። ያቺ ወረቀት ናት ለሌላው ሁሉ የሚሰበር ሰዓት የሰጠችው።

ሰዓቱን ከሰበሩት መካከል የፋይበር ግላስ ጀልባ ሠሪው ብሩስ ማየርስ አለ። በኤፕሪል 1967 ከቴድ ማንገልስ ጋር ከላ ፓስ ወደ ቲሁዋና በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነዳ። የነዳትን መኪና አንባቢዎቻችሁ ያውቋታል፤ ቮልስ ናት። ማየርስ ማንክስ ብሎ ለገበያ ያወጣት መኪና የቮልስ ሻንሲ ወደ 36 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦላት አጥራ፣ የላሜራው አካል ተነስቶ ቀላል የፋይበር ገንዳ የተጫነባት ነች። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ እግሩ የዚያችው አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲም የቤት መኪናም ሆና ያረጀችው ቮልስ ነው።

በዚያው ዓመት ኤድ ፐርልማን የሚመራው ኖራ የተባለ ማኅበር የመጀመሪያውን መደበኛ ውድድር ጠራ። ኦክቶበር 31 ቀን 1967፣ ማለትም ጥቅምት 20 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ 68 ተወዳዳሪዎች ከቲሁዋና ተነሱ። ቪክ ዊልሰንና ማንገልስ በማየርስ ማንክስ 1,366 ኪሎ ሜትሩን በ27 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ጨርሰው አሸነፉ። አካፍሉት፤ በሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ነው። ከቃሊቲ ዱከም የምትመላለስ ሚኒባስ መንገድ ሲለቀቅላት ትበልጣቸዋለች። ጽሑፋችሁ ስለ ፈረስ ጉልበት ብዙ ካወራ በኋላ ይህችን ቁጥር አለማንሳቱ ነው የቆጨን። በረሃ ላይ የሚያሸንፈው ሳይቆም የሚሄደው ነው።

ሞተሩ ሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳላት ቮልስ አራቱም ጎማ የሚነዳላቸውን የበለጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ከሚነዱት ጎማዎች በላይ ተቀምጧል፤ ክብደቱ ራሱ ጎማውን መሬት ላይ ይጫነዋል። በአየር ስለምትቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ የሚፈላ ውሃ፣ የሚቀደድ ቱቦ፣ በድንጋይ የሚበሳ ነገር የላትም። ቀላል ስለሆነች ስትሰምጥ ሁለት ሰው ያነሳታል። በምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊም በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው ይህችው ቮልስ መሆኗ በአጋጣሚ አይደለም።

ያም ሆኖ ቮልስን አዲስ አበባ ላይ አስተካክሎ እንዳለች ወደ ቆላ የሚያወርዳት ሰው ያቃጥላታል። እዚህ በ2,300 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የካርቡሬተሩ የቤንዚን ቀዳዳ ጠበብ ተደርጎ ይገጠማል። አፋር ሲደረስ አየሩ ይወፍራል፣ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚመጣው ቤንዚን አይበቃውም፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ምልክቱ ካንዴላ ላይ ነው። ተፈትታ ስትታይ የማኪያቶ ቀለም ከያዘች ደህና፤ ነጭ ከሆነች ቀዳዳው በአንድ ቁጥር መስፋት አለበት። በድሮዎቹ ቮልሶች ቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ከአየሩ መንገድ ላይ ቆሞ ንፋሱን ስለሚሻማበት። ሌላው የፋኑ ችንጋ ነው። ቢበጠስ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ትበራለች፤ ያኔ እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ ማለት ሞተር መግደል ነው። ችንጋው ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሊረግብ ይገባል። ከላላ በ21 ቁጥር ቁልፍ የፑሊዋ ዳዶ ተፈትቶ፣ ፑሊዋ በካቻቢቴ እንዳትዞር ተይዛ፣ ከፑሊዋ ሁለት ገበታዎች መሃል አንድ ቀለበት ወጥቶ ከውጪ በኩል ይገባል። ቀለበቷ አትጣል፤ ችንጋው አዲስ ሲሆን መልሳ ትፈለጋለች። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሊትር ጎደለ ማለት አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው።

ስለ ጎማ ደግሞ ጽሑፉ ቆላ ስትወርዱ ነፋስ ቀንሱ፣ ሙቀቱ ያፈነዳዋል ይላል። ይህ የተለመደ ወሬ ነው። ጠዋት በ15 ዲግሪ እዚህ 35 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ሰመራ በ40 ዲግሪ ቆሞ ቢለካ ከ36 ብዙ አይርቅም። ሙቀቱ የሚጨምረውን፣ ቆላው ላይ ከውጪ የሚጫነው ወፍራም አየር መልሶ ያካክሰዋል። አስፋልት ላይ ጎማ የሚያፈነዳው ነፋስ ማነስና ጭነት መብዛት ነው፤ ጎኑ እየታጠፈ ይግልና ይቀደዳል። መቀነስ ያለበት አሸዋ ሲገባ ብቻ ነው፤ ከ35 ወደ 16 ወይም 18። ያኔ መሬት የሚረግጠው የጎማው ክፍል ይረዝማል፣ ክብደቱ ይሰራጫል። ከ12 በታች ከወረደ ግን በመሪ ጥምዘዛ ከቸርኬው ይወጣል። ከአሸዋ ሲወጣ እዚያው ቆሞ መልሶ መንፋት ግድ ነው። ስለዚህ መኪናው ውስጥ መለኪያና መንፊያ የሌለው ሰው ባያወርደው ይሻለዋል።

ይህን ዘዴ ዘመናዊ ሹፌር አላመጣውም። እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ የግብፅንና የሊቢያን በረሃ በሞዴል ኤ ፎርድ ሲያቋርጥ ነፋስ እያወረደ ይሄድ ነበር። መኪናው ሲሰምጥ ከጎማው ሥር የሚያስገባው የብረት ሰሌዳ ይዞ ይዞር ነበር፤ ዛሬ በየላንድክሩዘሩ ጣራ ላይ ለጌጥ የሚታሰረው የዚያ ልጅ ነው። ውሃን በተመለከተ የሠራው ደግሞ ለራዲያተር ባለቤቶች ዛሬም ይጠቅማል። ከራዲያተሩ የሚወጣውን እንፋሎት በቱቦ ወደ አንድ ግማሽ ውሃ ያለበት ቆርቆሮ አስገባው። እንፋሎቱ እዚያ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፤ ሞተሩ ሲበርድ ራዲያተሩ መልሶ ይመጠዋል። አንድ ጠብታ አይባክንም። ዋናው ነገር ክዳኑ አየር እንዳያስገባ መጥበቁና የቱቦው ጫፍ ሁልጊዜ ከውሃው ሥር መሆኑ ነው፤ አለበለዚያ መልሶ የሚመጠው አየር ነው።

ዳካርን በአጭሩ። ቲዬሪ ሳቢን በ1977 በአቢጃን–ኒስ ውድድር ላይ በሞተር ሳይክል ሰሃራ ውስጥ ጠፍቶ ተረፈ፤ ከዚያ ተመልሶ የራሱን ጠራ። 182 ተሽከርካሪዎች ተነሱ፣ 74 ዳካር ደረሱ፤ መስመሩ ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ነበር። ሲሪል ኔቬ በያማሃ ኤክስቲ500 አንደኛ ወጣ። ከባሃ የሚለየው በቀን በቀን ተቆራርጦ መነዳቱ ነው፤ ባሃ ላይ አንዴ የተለቀቀ ሰዓት እስከ መጨረሻው አይቆምም።

አሁን ወደ ከባዱ ስሕተት። ጽሑፋችሁ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በፈጣን መንገዱ አዳማ፣ ከዚያ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሰመራ የሚደርስ ውድድር ይዘጋጅ ይልና ካርታ አውጥቷል። የባሃ ውድድር የተቻለው መንገድ ስላልነበረ ነው። ያኔ ከቲሁዋና ወደ ደቡብ ካለችው ከተማ ከኤንሴናዳ ትንሽ አልፎ አስፋልቱ ያልቃል፤ ከዚያ ኤል ሮሳሪዮ፣ ኤል አርኮ፣ ሳን ኢግናሲዮ እያሉ የመቆጣጠሪያ ጣቢያዎች ብቻ ተቀምጠዋል፣ በመሃላቸው ያለውን መንገድ ነጂው ራሱ ይመርጣል። ከፊት የሚመጣ መኪና ብርቅ ነው። ያም ሆኖ መስመሩ ዝግ ስላልነበረ ሌሊት ላይ ከብትና የገበሬ ፒክአፕ ትልቁ አደጋ ነበሩ። በ1973 መጨረሻ አስፋልቱ ከሰሜን እስከ ላ ፓስ ሲያልቅ ውድድሩ የሚሮጥበትን ፒስታ ፍለጋ ከዋናው መንገድ መውጣት ነበረበት፤ ብዙ ጊዜም ኤንሴናዳ ተነስቶ ኤንሴናዳ የሚመለስ ሆነ።

የጅቡቲ መስመር የዚህ ተቃራኒ ነው። አስፋልት ነው፣ የአገሪቱ ዕቃ የሚገባበት ነው፣ ሌት ተቀን ተሳቢ ይነዳበታል፣ ግመል ያቋርጠዋል። በ120 የሚመጣ ተወዳዳሪ ተሳቢ ሲቀድም ከፊቱ ሌላ ተሳቢ ቢያገኝ ማምለጫ የለውም፤ የመንገዱ ትከሻ ብዙ ቦታ ላይ ከአስፋልቱ ወረድ ያለ ነው፣ አንድ ጎማ ከወጣ መመለሱ መገልበጥ ያመጣል። ጣራው ላይ አራት ጀሪካን ቤንዚን የጫነ መኪና ደግሞ ሰማንያ ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ከሁሉ ነገር በላይ ተሸክሟልና ቀድሞ የሚገለበጠው እሱ ነው።

ውድድር ከተፈለገ ከአስፋልቱ በደንብ የራቀ ፒስታ ይመረጥ፤ ግጦሽና የውሃ ጉድጓድ ላይ እንዳያልፍ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ይዘጋ፤ በቀን ብቻ ይነዳ። ጣቢያዎቹ በነዳጅ ይለኩ። አስፋልት ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር 15 ሊትር የሚፈጅ መኪና ለስላሳ አሸዋ ላይ 25 እና 30 ይፈጃል፤ ባለ 90 ሊትር ታንከር በ30 ሲሰላ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሲሶው ለመጥፋትና ለመመለስ ይቀመጥ፣ ስለዚህ ጣቢያ ከጣቢያ 200 ኪሎ ሜትር አይለፍ። በየጣቢያው የገባና የወጣ ሰው ስም በሰዓቱ ይመዝገብ፤ የተመዘገበ ሰው ቢጠፋ ቢያንስ በየትኞቹ ሁለት ጣቢያዎች መሃል እንደሚፈለግ ይታወቃል።

ካርታውን በእርማት መልሳችሁ የምታትሙ ከሆነ ከክፍያ መንገዱ በር ጀምሮ በአስፋልቱ ላይ የተሳለችውን ቀይ ቀስት አንሱልን። ልጆቹ ቆርጠው ጋራዥ ግድግዳ ላይ ለጥፈዋታል።

ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ የጋራዥ ሠራተኞችና ሹፌሮች