ኮይሉን ከመጠቅለልህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዝምታዬ እንደበዛ አውቃለሁ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ። አሁን ግን ሽቦ ከመግዛትህ በፊት ይህ ይድረስህ።

በኮይል (በሽቦ ጥቅል) ሞጁል የተደረገ መግነጢሳዊ መስክ ለመፍጠር በላክልኝ ዕቅድ ውስጥ ስለ ቮልቴጅ በሰፊው ጽፈሃል፤ ስለ ከረንት (ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰቱ) አንድም መስመር የለም። መስኩ የሚከተለው ደግሞ ከረንቱን ነው። ስለዚህ ከኮይሉ ጋር በተከታታይ 1 ኦም ሬዚስተር አስገባና በላዩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለካ፤ 0.5 ቮልት ካነበብክ 0.5 አምፒር ነው።

ሄልምሆልትዝ ኮይል ይሻልሃል፦ ሁለት እኩል ክቦች፣ ርቀታቸው ከራዲየሳቸው ጋር እኩል የሆነ። ራዲየሱን 10 ሴንቲሜትር አድርገው። ባለ 0.5 ሚሊሜትር ኤናሜል ሽቦ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘህ በእያንዳንዱ ክብ ላይ 50 ጊዜ አዙር፤ በተከታታይ ሲያያዙ በክብ 100 ዙር ይሆናሉ። በጠቅላላው 126 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ሩብ ኪሎ ይበቃሃል። ሬዚስታንሱ 11 ኦም ገደማ ነው። በ0.5 አምፒር መሃሉ ላይ 450 ማይክሮቴስላ ይሰጥሃል፤ የምድር መስክ ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ነው። ክፈፉ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን፤ የአሉሚኒየም ቀለበት ራሱ የተዘጋ ዙር ሆኖ መስኩን ይቃወማል።

ችግሩ የሚመጣው ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ነው። የሁለቱ ክቦች ኢንዳክታንስ (የከረንትን ለውጥ የመቃወም ባሕርይ) ተደምሮ ከ10 ሚሊሄንሪ ትንሽ ያልፋል፤ በ1 ኪሎኸርዝ 66 ኦም ያህል ይቃወማል ማለት ነው። በዚያው ቮልቴጅ ከረንቱ ወደ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል። ፍሪኩዌንሲ ሞጁሌሽን (ፍሪኩዌንሲውን ከፍ ዝቅ ማድረግ) ልሞክር ያልከውም እዚህ ላይ ይበላሻል፦ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የመስኩም ጉልበት አብሮ ይለዋወጣል፤ ውጤቱ ከየትኛው እንደመጣ መለየት አትችልም። በአምፕሊቲውድ ሞጁሌሽን (የሞገዱን ጉልበት ብቻ ከፍ ዝቅ በማድረግ) ጀምር።

መፍትሔው በ1 ኪሎኸርዝ የኮይሉን ተቃውሞ የሚያጣፋ 2.4 ማይክሮፋራድ ገደማ ካፓሲተር በተከታታይ ማስገባት ነው። ኤሌክትሮሊቲክ አይሆንም፤ ፊልም፣ ቢያንስ ባለ 100 ቮልት ይሁን፤ አምፕሊፋየሩ የሚሰጠው 6 ቮልት ያህል ቢሆንም ካፓሲተሩ ላይ 33 ቮልት ይቆማል። ከዚያ ከረንቱ ከፍተኛ እስኪሆን ጄኔሬተሩን በ1 ኪሎኸርዝ ዙሪያ አስተካክል። የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ግን 180 ኸርዝ አካባቢ ብቻ ነው። በ10 ኸርዝ ስትሞጁል ሳይድባንዶቹ (ሞጁሌሽኑ ከ1 ኪሎኸርዙ ግራና ቀኝ የሚፈጥራቸው ፍሪኩዌንሲዎች) 990 እና 1010 ላይ ስለሚያርፉ በደህና ያልፋሉ፤ በ200 ብትሞጁል ይዳከማሉ። በነገራችን ላይ፣ በዚህ መስክ ውስጥ 10 ኸርዝ የሚባል መስክ ራሱን ችሎ የለም፤ በማስታወሻህ ላይ «የ10 ኸርዝ መስክ» ብለህ እንዳትመዘግብ። ሞጁሌሽኑ 100 በመቶ ከሆነ ጫፉ የተሸካሚው ሞገድ (የ1 ኪሎኸርዙ) እጥፍ ስለሚሆን፣ ተሸካሚውን በ0.25 አምፒር ወስነው።

ጥንድ ሽቦ ያልኩህ ለማነጻጸሪያው ነው። በዘር ላይ ልትሞክር ካሰብክ፣ የኮይሉ ሙቀት ብቻውን ብቅለቱን ሊያፋጥን ይችላል። የአንዱን ሽቦ አቅጣጫ ስትገለብጠው መስኩ ይጠፋል፤ ሙቀቱ ባለበት ይቀራል። ወጥመዱ ግን እዚህ ነው፦ መስኩ ሲጠፋ ኢንዳክታንሱም አብሮ ይጠፋል፤ ካፓሲተሩ ብቻውን 66 ኦም ሆኖ ይቀርና ከረንቱ ይወድቃል። ስለዚህ ባለ ሦስት ፖል ስዊች (ሦስት ማብሪያዎችን ባንዴ የሚያዞር) ያዝ፤ ሁለቱ ፖሎች ሽቦውን ይገልብጡ፣ ሦስተኛው ካፓሲተሩን ሾርት ያድርገው። ያኔ በሁለቱም ቦታ 12 ኦም ያህል (የኮይሉ 11 እና የሬዚስተሩ 1) ይቀራል፣ ሙቀቱም እኩል ይሆናል። ሆኖም 1 ኦሙ ላይ እያየህ አረጋግጥ። ስዊቹን የሚያዞረው ሰውና ዘሩን የሚቆጥረው ሰው አንድ አይሁኑ።

አምፕሊፋየርህ ብሪጅ (ሁለቱም የስፒከር ጫፎቹ ከግራውንድ ያልተያያዙ) ከሆነ የኦሲሎስኮፑን ግራውንድ ከየትኛውም የስፒከር ጫፍ ጋር አታገናኝ፤ የአምፕሊፋየሩን መውጫ ሾርት ታደርገዋለህ። በሁለት ፕሮብ ለክተህ ልዩነቱን ውሰድ። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ደግሞ አጠገቡ አይድረስ።

ገና ሳትሞጁል አንድ ነገር ፈትሽ። የኮይሉን ዘንግ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አዙረህ ኮምፓስ መሃሉ ላይ አስቀምጥ፤ ካፓሲተሩን ሳታስገባ ከባትሪ በተለዋዋጭ ሬዚስተር በኩል ቀስ እያልክ ከረንት ልቀቅ። መርፌው 45 ዲግሪ ሲዞር የኮይሉ መስክ ከምድር አግድም መስክ ጋር እኩል ሆኗል፤ አግድሙ 30 ማይክሮቴስላ በሆነበት ቦታ ይህ በ33 ሚሊአምፒር ይመጣል። መርፌው ጨርሶ ካልተነቃነቀ አንዱ ክብ ወይም አንዱ ሽቦ ተገልብጦ ተያይዞ ይሆናል።

በስንት ሚሊአምፒር 45 ዲግሪ እንደደረሰ ጻፍልኝ።

ወዳጅህ