ለልጄ፦ ሥጋው ለማን ደረሰ?

ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጾም ስለገባ ልኳንዳው ተዘግቷል። ቢላዋዎቹን ስዬ ከሰቀልኩ በኋላ ሥራ ፈት ሆኛለሁ፣ እናትሽም ከቤት ውጣልኝ እያለች ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ስልክማ ቺምፓንዚ ከምታጠኚበት ከዚያ የኡጋንዳ ጫካ ውስጥ "ሄሎ ሄሎ" ከመባባል አላለፈም።

በቴሌግራም የላክሽውን ድምፅ ለእናትሽ አላሰማኋትም። ቺምፓንዚዎቹ የጦጣ ግልገል ከእናቱ እቅፍ መንጭቀው፣ ነፍሱ ሳይወጣ መብላት እንደጀመሩ፣ አንቺ ደግሞ ሰዓት እያየሽ ስትመዘግቢ እጅሽ ይንቀጠቀጥ እንደነበር የነገርሽኝን ማለቴ ነው። "አባዬ፣ ከእንግዲህ እንደ ድሮው የማያቸው አይመስለኝም" ብለሻል።

አይዞሽ ትለምጂዋለሽ አልልሽም። ዕድሜዬን ሙሉ ሥጋ ስቆርጥ ኖሬ እንኳ ያንን ድምፅ ደግሜ መስማት አልፈለግሁም። ግን አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ዓይንሽ ግድያው ላይ አይቅር። እሱ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን እይ፣ ሥጋው ሲከፋፈል።

የሰፈራችንን ቅርጫ ታውቂያለሽ። በሬው ሲገዛ ሁሉም ወዳጅ ነው፣ ሲታረድም ሁሉም ወዳጅ ነው። ነገር የሚመጣው መደብ ሲደረደር ነው። ሻኛው አነሰ፣ የሱ ጎድን ሥጋ በዛ፣ ለጨጓራውም ሳይቀር ይኮራረፋሉ። እዚህ ሰበታ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ለማን እንደሚያዳላ የተማርኩት መደብ ስደረድር ነው። ዕጣ የምንጥለውም ለዚሁ ነው፣ ያለዚያማ ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም ነበር።

ቺምፓንዚዎቹ ዘንድ ግን ዕጣ የለም። ሥጋው የያዘው ነው። ሌሎቹ ከበው ይቀመጡና እጃቸውን ወደ አፉ ይዘረጋሉ፣ አንዳንዱ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ይጎትታል። ያዡም ለአንዱ ይቆርሳል፣ ለሌላው ጀርባውን ይሰጣል። ለምን? የላክሽልኝን ጽሑፎች መዝገበ ቃላት ይዤ ሳነብ እንዳየሁት፣ ምሁራኑ ራሳቸው አልተስማሙም። ክሪስቶፍ ቦሽ አይቮሪ ኮስት ታይ ጫካ ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ፣ አብሮ ያደነ ዘግይቶ ከመጣው የተሻለ ይደርሰዋል አለ። ሚታኒና ዋትስ ደግሞ እዚያው አንቺ ያለሽበት ኪባሌ፣ ንጎጎ ላይ፣ ወንዶቹ ሥጋ የሚሰጡት በጠብ ጊዜ ከጎናቸው ለሚቆም ወንድ ነው ይላሉ። ጊልቢ የሚባለው ታንዛኒያ ያለውን የጎምቤ ጫካ አይቶ ያለው ከሁሉም ያሳቀኝ ነው፦ የሚሰጠው የሚለምነው ስላስጨነቀው ነው፣ ሰላም አግኝቶ እንዲበላ ብሎ ነው። እኔ ልኳንዳ ቆሜ ስንቱን በዚህ ምክንያት እንደመረቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው! ሦስቱም እውነት ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ። ጠዋት ለወዳጅ የሚሰጥ ሰው ማታ ለነዝናዛ ይሰጣል።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ደግሞ አለ። ርሃብ ነው ጨካኝ ያደረጋቸው ብዬ ነበር። ለካ ንጎጎ ላይ ጠንክረው የሚያድኑት ፍራፍሬ በተትረፈረፈ ጊዜ ነው። ዋና ምግባቸው ፍራፍሬ ነው፣ ሥጋ ከላይ የሚጨመር ነገር ነው። ያውም በፈረንጆቹ 1960 ቺምፓንዚ አጥኚዋ ጄን ጉዳል ጎምቤ ላይ አንዱን የዱር አሳማ ግልገል ሲበላ እስክታየው ድረስ፣ ሥጋ የማይነኩ ነበር የሚመስሉት። ታዲያ ጠግቦ የሚያድን ምን ፈልጎ ነው? መልሱ ክፍፍሉ ውስጥ ይመስለኛል። አይተሽ የምትነግሪኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።

አደኑም ቢሆን በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም አሉ። ታይ ላይ ዛፉ ረጅምና የተያያዘ ስለሆነ ጦጣው ማምለጫ አያጣም፣ ስለዚህ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው መንገድ ይዘጋል፣ ሌላው ፊት ቀድሞ ያደፍጣል። ሴኔጋል ፎንጎሊ ላይ ደግሞ እንጨት አሹለው የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ የተኛችውን ጋላጎ የምትባል ትንሽ የሌሊት እንስሳ ይወጋሉ። ጂል ፕሩትዝ የምትባል ተመራማሪ ይህን ያሳወቀችው በፈረንጆቹ 2007 ነው። ሴቶቹም ያድናሉ። ይሄን ለእናትሽ ስነግራት "ጎበዞች" ብላ አለፈች፣ እንዳልሰማች ሆና።

ግን አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ያነበብኩት ሁሉ ስለ አዳኙ ነው። መናገሻ ሱባ ስንሄድ ጉሬዛዎቹን አንጋጠሽ ስታይ አንገትሽን ያምሽ ነበር፣ ረሳሽ? የኛው ጉሬዛ እዚያም ኪባሌ አለ፣ ቺምፓንዚ እሱንም ይበላዋል። ከሁሉ በላይ የሚታደነው ግን ዘመዱ ቀይ ኮሎበስ ነው። እሱም ዝም ብሎ የሚበላ አይደለም። ጎምቤ ላይ ወንዶቹ ግልገሎቹን ከኋላ አድርገው ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ቺምፓንዚም እየጮኸ የሚሸሽበት ጊዜ አለ። ንጎጎ ላይ ግን ቁጥራቸው በጣም ወርዷል፣ ምክንያት ተብሎ የሚጠራውም ይኸው አደን ነው። እንግዲህ ደብተርሽ ውስጥ ለነሱም አንድ ገጽ ክፈቺ። ማን እንደገጠመ፣ ማን ልጇን ይዛ እንዳመለጠች፣ ከአደኑ በኋላ ወዴት እንደሄዱ ጻፊ። የምትንቀጠቀጥ እጅ ሥራ ካገኘች ትረጋጋለች። ካልተረጋጋችም ተንቀጥቅጠሽ ጻፊ፣ ጽሑፍሽ እንደሆነ ድሮም አይነበብም።

ማስክሽን እንዳታወልቂ። የኛ ጉንፋን እነሱን ይገድላል፤ እዚያው ኪባሌ ካንያዋራ ላይ በፈረንጆቹ 2013 ከሰው በሚመጣ የጉንፋን ቫይረስ አምስት ሞተዋል። ካሳለሽ ካምፕ ቅሪ፣ ማንም ምንም ቢልሽ።

በርበሬና ሽሮ በሚመጣ ሰው እንልካለን፣ እናትሽ ማስፈጨት ጀምራለች።

በይ አሁን የሙያ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ግልገል ሲይዙ ብዙ ጊዜ ከጭንቅላቱ እንደሚጀምሩ አንብቤያለሁ። ሥጋውንም ከቅጠል ጋር እየደባለቁ ያኝኩታል አሉ። ጉበቱስ? የያዘው ራሱ ይበላዋል ወይስ ለሰው የሚሰጠው እሱን ነው? በሚቀጥለው አደን አይተሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ፣ ከሰበታ