የበረራ ሰዓት ስሌት፦ ለጠየቃችሁ አባላት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

«ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት ስናካፍል የምናገኘው ሰዓት ትኬቱ ላይ ካለው ጋር ለምን አይገጥምም?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ አንዴ ልመልሰው።

ለንደንንና ኒውዮርክን እንውሰድ። በአየር 5,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ብንል ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ትኬቱ ግን ወደ ኒውዮርክ 8፣ ወደ ለንደን ደግሞ 7 ሰዓት ገደማ ይላል።

ለሁለቱ መለያየት ዋናው ምክንያት ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ። ወደ ለንደን ሲበር ከኋላ ይገፋል፤ ሲመለስ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. አንድ አውሮፕላን በማዕበል ታግዞ ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል! ይህን ግን ለዕቅድ አትጠቀሙበት።

ሌላው፣ የትኬቱ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው። መንደርደሪያው ላይ ተራ መጠበቁም እዚያው ውስጥ አለ።

ብዙዎቻችሁ የተሳሳታችሁት ግን እዚህ ጋ ይመስለኛል፦ ከለንደን ወደ ኒውዮርክ መነሻ 11:00፣ መድረሻ 14:00 የሚል ትኬት አይታችሁ «ሦስት ሰዓት ብቻ!» አላችሁ። ሁለቱም የየከተማው ሰዓት ናቸው። ኒውዮርክ አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ ሦስቱ ላይ አምስት ጨምሩ።