«ምንም የለብዎትም» ማለት ይቅርብን

ውድ አዘጋጅ፦

በጤና ገጻችሁ ስለ ጭንቀት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ለታማሚው ጥሩ ነው። እኔ ግን ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ፌስታል ሙሉ ውጤት ይዘው መጡ። ሦስት ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ የጨጓራ ምርመራ፣ የታይሮይድ ውጤት፤ ሁሉም ደህና ነው። «ልጄ፣ የሄድኩበት ሁሉ ምንም የለብዎትም ይሉኛል። ታዲያ ሌሊት ልቤን ድው ድው የሚያደርገው ምንድን ነው?» አሉኝ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ከዘገየ ሆዳቸው ይገለበጣል፣ ስለ ቤት ኪራዩ ሲያስቡ ይነጋል፣ ትከሻቸው እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ እንዲህ ከሆኑ ደግሞ ዓመት አልፏቸዋል። አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ለማለት የሚፈለገው ስድስት ወር ነው።

ምንም የለባቸውም? አለባቸው እንጂ። አንጎል ውስጥ አሚግዳላ የሚባል፣ ለውዝ የሚያህል ክፍል አለ። ለእሳቸው «እንደ ግቢ ውሻ ነው» አልኳቸው። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ «ተው!» የሚለው ባለቤቱ ነው። ጥናቶች በአሚግዳላው ላይ ሁሌ አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም፤ ደጋግሞ የሚታየው በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት መላላቱ ነው። ውሻው ይጮሃል፣ የባለቤቱ ድምፅ አይደርሰውም። ደግሞም አውሬ ፊት ለፊት ሲመጣ የሚሰማን ፍርሃትና «ይመጣ ይሆን?» እያሉ መዋል አንድ አይደሉም። ያልለየለትን አደጋ ሲጠብቁ ለረጅም ጊዜ ነቅቶ በመቆየት ትልቅ ድርሻ አለው የሚባለው የአሚግዳላ ጎረቤት የሆነው፣ የስትሪያ ተርሚናሊስ ኒውክሊየስ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው። ከዚያ መልእክቱ በሃይፖታላመስና በአንጎል ግንድ በኩል ወደ ልብ፣ ወደ አንጀት፣ ወደ ጡንቻ ይወርዳል። የልባቸው ምት እውነተኛ ነው፤ ኢሲጂው ደህና የሆነው ችግሩ የተነሳው ልብ ላይ ስላልሆነ ነው።

እዚህ ላይ ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ ጽፈን የምንገላገል ብዙ ነን። ጋባ የተባለውን አንጎልን የሚያረጋጋ ኬሚካል ሥራ ስለሚያጎላ ቶሎ ያረጋጋል፣ ታማሚውም ያመሰግናል። ግን ለሳምንታት ሲወሰድ አንጎል ይለምደዋል፣ ሲያቋርጡት ጭንቀቱ ብሶ ይመጣል። እንደ ሰርትራሊን ያሉት የጭንቀትና የድብርት መድኃኒቶች ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል በሰዓታት ውስጥ ቢጨምሩም የኬሚካሉ ተቀባዮች እስኪስተካከሉ እፎይታው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ ጭንቀቱን ሊያብሱት ይችላሉ። ስለዚህ በግማሽ መጠን እንጀምር፣ ይህንንም አፍ አውጥተን እንንገራቸው። ይህን ሳንናገር የሸኘነው ሰው በሳምንቱ ኪኒኑን ቢጥል ጥፋቱ የማን ነው?

ቡናም አለ። ካፌይን አዴኖሲን የተባለውን የሚያረጋጋ ኬሚካል ይከለክላል። ተዉት አላልኳቸውም፣ ቡና ማለት ጎረቤት ነውና። አቦሉን ለሌላው ትተው በረካውን እንዲጠጡ ተስማማን።

በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ፤ «ያልከኝ መጣ፣ ባሰብኝ» አሉ። ሰርትራሊኑን ግን አላቋረጡም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠቅላላ ሐኪም፣ አዲስ አበባ